ለበረራ መምህሬ የላክሁት ሽማግሌ

ሰው በአርባ ሦስት ዓመቱ ምን ይጀምራል? የሰፈሬን ሰዎች ብትጠይቁ ስኳር መቀነስ፣ ማኅበር መግባት፣ የእግር ጉዞ ይሏችኋል። እኔ አውሮፕላን ማብረር ጀመርኩ። አትሳቁ፣ ገና ምኑ ተነክቶ።

ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ መስኮቱ የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ በሚያሳይ ክፍል፣ ከፋይል ጋር ሃያ ዓመት ኖሬአለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ጫማ ያየ ሰው አንድ ቀን ከላይ ሆኖ የሰው አናት ማየት ቢያምረው ኃጢአቱ ምንድን ነው? ባለቤቴ አስቴር ግን ነገሩን በዚህ ዓይን አላየችውም። አስቴር ሲግናል ሰፈር ባለው ቤታችን ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቼ አምፖል እንድቀይር እንኳ አትፈቅድልኝም።

"አንተ እኮ አምፖል ስትቀይር ዓይንህን ትጨፍናለህ" አለችኝ።

"እሱ አቧራ እንዳይገባብኝ ነው።"

"እዚያ ደግሞ ደመና እንዳይገባብህ ልትጨፍን ነው?"

ነገሩ ከልቤ መሆኑን ስታይ ግን ለቀቅ አደረገችኝ። "አንድ ነገር ብቻ ቃል ግባልኝ" አለች። "የሚያጫውትህን ሳይሆን የሚያስተምርህን ሰው ፈልግ።" ቃል ገባሁ። እኔ ቃል ለመግባት አስቸግሬ አላውቅም፤ ችግሬ ሁልጊዜ ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው።

ከእንጦጦ ጀርባ፣ ሜዳው ላይ፣ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚሠራ አንድ ትንሽ የበረራ ክበብ አለ። አለ ስላችሁ ብዙ አትጠብቁ። አንድ ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን፣ አንድ የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ የሣር ማኮብኮቢያ፣ ማኮብኮቢያውን ከአውሮፕላኑ እኩል የሚጠቀሙ የአካባቢው ገበሬ ላሞች፣ በቃ። ከሲግናል ተነስቶ እዚያ ለመድረስ ታክሲ እየቀያየሩ ሽሮ ሜዳን ማለፍ፣ ዳገቱን በባሕር ዛፉ መሀል መውጣትና ማዶ መውረድ ነው። ድሮ በዚያ ሳልፍ እንጦጦ ራጉኤልን የምሳለመው በታክሲው መስኮት ነበር። መብረር ከጀመርኩ ወዲህ ወርጄ፣ በሩ ድረስ ሄጄ ነው የምሳለመው።

የመጀመሪያው አስተማሪዬ ናቲ ይባላል። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሐሜት አይሁንብኝ። ነገር ግን ከመሬት እንደተነሳን አፉን ከፈተና፣ "ብሮ፣ ስፒድህን ቼክ አድርግ። ኖዝ ዳውን። ዳውን ብሮ። ሪላክስ" አለኝ። በሕይወቴ እንደዚያ "ሪላክስ" ያስደነገጠኝ ቃል የለም። ይባስ ብሎ በረራው መሀል ስልኩን አወጣና ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረ። "ብሮ፣ ፈገግ በል" ሲለኝ ፈገግ አልኩ። ማታ ቪዲዮውን አስቴር አየችው፤ ዓይኔ ተጨፍኗል።

ናቲን በሁለተኛው ሳምንት ተውኩት። ቀላል ነበር፤ እሱም የተውኩትን ያወቀ አይመስለኝም።

ከዚያ ሰብለ አለች። እሷ እሁድ እሁድ ታስተምራለች። ሠላሳ ያልሞላት ቀጭን ልጅ ናት፣ ድምፅዋ ግን ከሞተሩ ይበልጣል። አስተማሪ ልመርጥ በሄድኩበት እሁድ አንድ ተማሪዋ ከአውሮፕላኑ ሲወርድ አየሁት። ጡንቻው ሸሚዙን የወጠረው ግዙፍ ሰውዬ ነው። "አልቻልህም" ትለዋለች። "ያልቻልኸው ደግሞ ስለማትሰማ ነው። ሳምንት ይኸንኑ እንደገና እንሠራለን። ከዚያም እንደገና።" ሰውዬው ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄዶ አንድ ጠርሙስ ውሃ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠ። እኔ ደግሞ አለቃዬ ሲያስነጥስ ይቅርታ የምጠይቅ ሰው ነኝ። ይቺስ ትቅርብኝ አልኩ በሆዴ።

የቀሩት ሻምበል ገበየሁ ብቻ ነበሩ። ሻምበል ጡረታ የወጡ የድሮ አብራሪ ናቸው፣ ሰባ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው። ቅዳሜ ጠዋት ሄጄ ሰላምታ ሳቀርብላቸው ኮፍያቸውን አውልቀው አተኩረው አዩኝና፣ "ፋይሌን ያገኙልኝ ሰው" አሉ።

እኔ ረስቼዋለሁ። ለካስ ከዓመታት በፊት የሳቸው ፋይል ጠፍቶ ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ኖረው፣ እኔ ከአንድ የተሰበረ ሸልፍ ጀርባ አቧራውን አራግፌ አውጥቼላቸዋለሁ። ለኔ የአንድ ጠዋት ሥራ ነበር። ለሳቸው ግን ጡረታቸውን የመለሰላቸው መልአክ ነበርኩ።

"እኔ እርስዎን ካላስተማርኩ ማንን ላስተምር ነው?" አሉ፤ እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው።

እንግዲህ አስቡት። እሳቸው ውለታ ያለባቸው ሰው፣ እኔ ሽማግሌ ፊት ቀና ብዬ መናገር የማልችል ሰው። ሁለት ይሉኝታ በአንድ ጠባብ ጋቢና ውስጥ ገባ። አውሮፕላኑ በግራና በቀኝ ሁለት በር አለው፣ እኛ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱ በር ላይ ቆመን "ይቅደሙ"፣ "ኧረ በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ" ስንባባል ጠዋቱ ይጋመሳል።

አየር ላይም እንደዚያው ነው። ምንም ላድርግ ምን "ጎሽ" ይሉኛል። ወደ ቀኝ ይታጠፉ ብለውኝ ወደ ግራ ስታጠፍ፣ "ግራም ጥሩ ነው" አሉ። አንድ ቀን ይዣቸው ደመና ውስጥ ገባሁ። ኮሌታቸውን ሰብሰብ አደረጉና፣ "ቀዝቀዝ ይላል፣ አይደል?" አሉ። ናቲ ቢሆን ስንት ጊዜ ሪላክስ ባለኝ። ደስ አለኝ። አስቴር "እንዴት ነው ትምህርቱ?" ስትለኝ፣ "እንዴት ያሉ ሰው መሰሉሽ" እላለሁ። ስለ ትምህርቱ አለመመለሴን እሷ ልብ ብላለች፤ ልብ ያላልኩት እኔ ነኝ።

ዋናው ችግር ማረፉ ላይ ነው። የዚህ አውሮፕላን መሪ ሁለት ነው፣ አንዱ በኔ ፊት፣ አንዱ በመምህሩ ፊት። አንደኛው ሲንቀሳቀስ ሌላውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ልናርፍ ስንቃረብ ትልቅ ሰው የያዘውን ነገር ጨምድዶ መያዝ ነውር ይመስለኝና እጄን ላላ አደርጋለሁ። አውሮፕላኑ ቀስ ብሎ ሣሩ ላይ ጠብ ይላል።

"ግሩም አስተራረፍ" ይላሉ ሻምበል።

"የእርስዎ ነው እንጂ" እላለሁ።

"ኧረ የእርስዎ ነው።"

ትሕትናቸው ነው ብዬ አልፈዋለሁ። ክረምት እስኪገባ፣ ከወጣም በኋላ፣ እንዲህ አልን። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ከአውሮፕላኑ ስንወርድ ሻምበል ትከሻዬን መታ አደረጉና፣ "ደርሰዋል" አሉኝ። "የዛሬ ሁለት ሳምንት ብቻዎን ይበራሉ። ፈርሜያለሁ።"

በዚያች ደቂቃ ለራሴ እንኳ ነግሬው የማላውቀው ነገር ፊቴ ላይ ድቅን አለ፤ እኔ አንድም ቀን አውሮፕላን አሳርፌ አላውቅም። መነሳቱን እችላለሁ። መነሳት ምን አለው፣ ነዳጅ ካለ ሁሉም ይነሳል። መውረዱን ግን ሁልጊዜ ሻምበል ናቸው ያደረጉልኝ። እና በሁለት ሳምንት ውስጥ ሻምበል በሌሉበት ሰማይ ላይ ልወጣ ነው።

ማታ ለአስቴር ነገርኳት። የምትበላውን ትታ አየችኝ።

"አልችልም በላቸው።"

"እንዴት ብዬ? እንደዚያ ያከበሩኝን ሰው ምንም አላስተማሩኝም ልበላቸው?"

"እና ብትሞትስ?"

"እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።"

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እኔ ደጃዝማችነቱ ቀርቶብኝ መትረፉን ነበር የፈለግሁት፣ ያም ሆኖ መናገሩ አልሆነልኝም። አራት ቀን ስልኩን እያነሳሁ ጤንነታቸውን ጠይቄ ዘጋሁ። በአምስተኛው ቀን ሻምበል ራሳቸው ደውለው የኔን ጤንነት ጠየቁ። አስቴር መረራትና፣ "አንተ ካቃተህ እንግዲህ ሽማግሌ ላክ" አለች። ለነገሩ ያህል ነው ያለችው። እኔ ግን ሐሳቧን እንደ ገመድ ያዝኩት።

የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደሰ ናቸው። በሰፈራችን ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። ቤታቸው ሄጄ ጉዳይ አለኝ አልኳቸው።

"ምንድን ነው ጉዳዩ?"

"መለያየት ነው፣ ጋሽ ታደሰ።"

"ከአስቴር?" አሉ ደንግጠው።

"አይ፣ አውሮፕላን ከሚያስተምሩኝ ሰው።"

ጋሽ ታደሰ ከዘራቸውን እያሻሹ አሰቡ። "ልጅ አላችሁ?" አሉ።

"የለንም።"

"እንግዲያው ቀላል ነው።"

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ታደሰ ሁለት የእድሩን ሽማግሌዎች አስከትለው፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የካ ሚካኤል ወደሚገኘው የሻምበል ቤት ሄዱ። እኔ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቆሜ ጠበቅሁ። ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ከጋሽ ታደሰ ነው።

በሩን የከፈቱት የሻምበል ባለቤት ወይዘሮ ዘነበች ናቸው። ሦስት ሽማግሌ በነጭ ጋቢ ደጃቸው ላይ ቆሟል። ግቡ ቢሏቸው ገቡ፣ ተቀመጡ ቢሏቸው "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ። ያላገባች ሴት ልጅ ያለቻት እናት ይኼን ስታይ ምን እንደምታስብ ለናንተ አልነግርም። ወይዘሮ ዘነበች ወደ ጓዳ በረሩና ልጃቸውን "ቶሎ ቀሚስ ቀይሪ" አሏት። ልጂቱም ለከሰዓቱ ሥራ ልትወጣ የለበሰችውን ሱሪ ሳትቀይር፣ ፊቷን ከስክሳ ወጣች። ሰብለ ናት። ያቺው ሰብለ። የሻምበል ልጅ መሆኗን እኔ የሰማሁት በዚያ ቀን ነው፤ ሜዳው ላይ "ሻምበል" እያለች ነበር የምትጠራቸው።

"የመጣነው ስለ አንድ ልጃችን ነው" ብለው ጋሽ ታደሰ ጀመሩ። "ጨዋ ነው። ሠራተኛ ነው። መንግሥት መሥሪያ ቤት ሃያ ዓመት አገልግሏል።"

"ሃያ ዓመት?" አሉ ወይዘሮ ዘነበች። "ዕድሜው ስንት ሆነ?"

"አርባ ሦስት።"

የወይዘሮ ዘነበች ፊት ትንሽ ቀዘቀዘ። "እስካሁን ሳያገባ ቆየ?"

"ኧረ ባለትዳር ነው" አሉ ጋሽ ታደሰ፣ ጨዋነቴን ያጠናከሩልኝ መስሏቸው። "ሚስቱ ናት እንዲያውም ሽማግሌ ላክ ያለችው።"

ወይዘሮ ዘነበች የያዙት ብርጭቆ ወደቀ። ነገሩ ተጣርቶ፣ ስብርባሪው ተጠርጎ፣ ሽማግሌዎቹ ጉዳያቸውን በወጉ እስኪናገሩ ብዙ ጊዜ ሄደ። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ጨካኝ ሰው አይደሉም። "አላስተማሩትም" ማለት ቢከብዳቸው፣ "እጅዎ ትንሽ በዝቶበት ነው፣ ራሱ ሊሞክር ፈልጎ ነው" ብለው በዘዴ አለሳለሱት። ሻምበል ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "አስቀይሜው ይሆን?" አሉ። ያን ጊዜ የጋሽ ታደሰ የአርባ ዓመት ልማድ ተነሳ። እንባ ካዩ ማስታረቅ እንጂ ሌላ አያውቁም።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ፊታቸው በርቶ፣ ምሳ በልተው ወጡ።

"ምሥራች" አሉኝ። "ታርቃችኋል።"

"መች ተጣላን፣ ጋሽ ታደሰ?"

"አሁንማ ፈጽሞ አትጣሉም። ቅዳሜ ብቻህን ከመውጣትህ በፊት አንዴ አብረውህ ይወጣሉ። አንተም ከሳቸው ሌላ መምህር እንዳታይ ዋስ ሆኜልሃለሁ። ደግሞ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ልቀቅላቸው እንጂ አትጋፋቸው።"

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው። ያን ሳምንት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ቅዳሜ ደረሰ። እኔና ሻምበል እንደ ታረቁ ሰዎች ተቃቅፈን ተሳሳምን፣ በሩ ላይ ከወትሮው የበለጠ ተገባበዝን፣ ተነሳን። ከተማው ላይ መብረር ስለማይፈቀድ እንደ ልማዳችን ከተራራው ወዲህ ዞርን። ወደ ሜዳው ፊታችንን መልሰን መውረድ ስንጀምር የጋሽ ታደሰ ምክር ትዝ አለኝና መሪውን ጨርሼ ለቀቅሁ። ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አኖርኩ።

አውሮፕላኑ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አለ።

"ጎሽ" አሉ ሻምበል፤ ድምፃቸው ሰልሎ።

"እርስዎም ጎሽ" አልኩ።

ሣሩ ቀረበ። ላሞቹ ቀረቡ፣ ቀንዳቸው ሁሉ ታየኝ። ዞር ብዬ ሻምበልን አየኋቸው። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ነበር፣ ወንጌል የሚያዳምጡ ነው የሚመስሉት። እሳቸውም የኔን ጉልበት አዩ።

"ማን ይዞታል?" አሉ።

"እርስዎ አይደሉም?"

"እኔማ ለእርስዎ ትቼዋለሁ።"

ሁለታችንም እኩል ተወርውረን መሪውን ያዝን፣ እኩል ሳብነው። አውሮፕላኑ ወደ ላይ ተነሳ፣ ሐሳቡን ቀየረ፣ ወደቀ። ነጠረ። እንደገና ነጠረ። ሦስተኛውን መቁጠር አልቻልኩም፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጠው ከማኮብኮቢያው ወጥተን ጭቃ ውስጥ ቆመናል፤ ሞተሩ ጠፍቷል፤ አንዲት ቡሬ ላም በኔ በኩል ባለው መስኮት ወደ ውስጥ ታያለች። እኛም፣ አውሮፕላኑም፣ ላሞቹም ደህና ነን። ተመስገን ከማለት በቀር ምን ይባላል?

መጀመሪያ የተናገሩት ሻምበል ናቸው።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እስከ ዛሬ ስናርፍ፣ የሚያሳርፉት እርስዎ አልነበሩም?"

"እርስዎ ነዎት እንጂ።"

"እኔ እጄን ላላ አድርጌ ነበር የምይዘው፣ እርስዎን እንዳልጋፋ።"

"እኔም ላላ አድርጌ ነበር።"

"ታዲያ ማን ነበር የሚያሳርፈው?"

ሁለታችንም በመስኮቱ አሻግረን ጭቃ የተለቀለቀውን አውሮፕላን አየነው። ስንቱን ቅዳሜ ለብቻው ሲያሳርፈን እንደኖረ ሲገባኝ ላብ አጠመቀኝ። "ሻምበል" አልኩ፤ "እኔ ማረፍ አልችልም። አንድም ቀን ችዬ አላውቅም።"

እንዲህ ብዬ ስጨርስ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የከረመ ነገር ተነሳልኝ። ሻምበል ደግሞ ኮፍያቸውን አውልቀው ፊታቸውን አበሱና፣ "እግዜር ይስጥልኝ" አሉ። "እኔም እኮ፣ ማረፉ ቢሆንልዎ እንኳ ሌላውን ያውቁታል ብዬ አይደለም የፈረምኩት። አልደረሱም ማለት ከብዶኝ ነው። ፋይሌን ያገኘልኝን ሰው በየትኛው አፌ ልቆጣ? ከፈረምኩ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም።" ተያየን። ከዚያ መሳቅ ጀመርን። ላሟ እስክትሸሽ ሳቅን።

በሩን ከውጭ የከፈተችው ሰብለ ናት። ቤታቸው የሆነውን አይታ ነገሩ ስላላማራት ያን ቅዳሜ ሆነ ብላ መጥታ ነበር። ፊርማ ያለበትን ወረቀት ከአባቷ ኪስ አወጣችና ለሁለት ቀደደችው። "አባዬ፣ ውረድ" አለች። ወደኔ ዞረች። "አንተ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ። እንዳትዘገይ።"

የጋሽ ታደሰን ዋስትና ሻምበል ራሳቸው ደውለው አወረዱልኝ። በማግስቱም ለሰብለ ተሰጠሁ።

የሰብለ ሕግ አጭር ነው። መሪውን የያዘ ሰው "መሪው በኔ ነው" ብሎ ጮክ ብሎ ይናገራል። ያልያዘው "ባንተ ነው" ይልና ሁለት እጁን አንስቶ ያሳያል። መሀል የለም፣ ላላ አድርጎ መያዝ የለም። በመጀመሪያው እሁድ እጄን ጉልበቴ ላይ አይታ፣ "ምን ትጠብቃለህ፣ እንዲያጎርሱህ ነው?" አለችኝ። በሁለተኛው እሁድ ዓይኔን መጨፈኔን ደረሰችበት። በሦስተኛው አሥራ አንድ ጊዜ ወርደን አሥራ አንድ ጊዜ "አልቻልህም" አለችኝ። በየሳምንቱ ቆርቆሮው ቤት ገብቼ ውሃ ስጨልጥ ያንን ግዙፍ ሰውዬ አስበዋለሁ፤ የልብ ወዳጆች ሆነናል። ታዲያ ይግረማችሁ፣ ማታ ማታ እንቅልፌ ተመለሰ። ምን እንደማልችል የሚነግረኝ ሰው አግኝቻለሁና።

በስንተኛው እሁድ እንደሆነ እንጃ፣ ካረፍን በኋላ ሰብለ ቀበቶዋን ፈታች፣ ወረደች፣ በሩን ዘጋች። "ሂድ" አለች በመስኮቱ።

ፈራሁ። መፍራቴን ለምን እደብቃለሁ። እሷ ስለወረደች አውሮፕላኑ ቀሎት ፈጥኖ ተነሳ። ከተራራው ወዲህ ስዞር የራጉኤል ጣሪያ ከባሕር ዛፉ በላይ ብልጭ አለ። ስወርድ ማንም ለሌለበት ወንበር "መሪው በኔ ነው" አልኩ። ዓይኔ ተከፍቶ ነበር፤ እያንዳንዷን ሣር አይቻለሁ። መታ፣ ነጠረ፣ እንደገና መታ፣ እንደገና ነጠረ፣ ከዚያ ቆመ።

ለካስ ሰብለ ቀደም ብላ ነግራቸው ኖሮ፣ አስቴርና ሻምበል ቆርቆሮው ቤት ደጅ ቆመው ነበር። አስቴር ከወገቧ ታጥፋ ታለቅሳለች። ሻምበል እየተጣደፉ መጡ። አፋቸው ላይ "ጎሽ" መድረሱን አየሁት፣ ሊወጣ ነው። ቆም አሉ፣ ዋጡት፣ ወደ ሣሩ ዞረው ጎማው የተመታበትን ቦታ አዩ።

"ሁለት ጊዜ ነጥሯል" አሉ። "መጥፎ አስተራረፍ ነው።"

አቀፍኳቸው። ስለ በረራዬ ከነገሩኝ ሁሉ የመጀመሪያው እውነት ነበር፣ አስተራረፉም የራሴ ነበር።